ወደ ፕላኔታሪየም የሚደረገው የተማሪዎች ጉብኝት ስለመታገዱና ተንቀሳቃሹ ጉልላት በመጋዘን ስለመቅረቱ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ሐዋሳ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

በከተማችን የትምህርት ቤቶችን ጉዳይ እንዲመራ ኃላፊነት ለተሰጠው ጽሕፈት ቤት

ክቡራን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣

እኛ ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሐዋሳ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ፊዚክስ፣ ጂኦግራፊና ጠቅላላ ሳይንስ የምናስተምርና ከመደበኛ ክፍለ ጊዜያችን ውጭ የሥነ ፈለክ ክበባትን የምናስተባብር መምህራን ነን። ለመጻፍ ያነሣሣን በዚህ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ለየትምህርት ቤቱ የተበተነው ሰርኩላር ነው። ሰርኩላሩ ከከተማ ውጭ የሚደረጉ የተማሪ ጉዞዎችን በጅምላ ሲያግድ፣ ተማሪዎቻችንን አዲስ አበባ ወስደን በፕላኔታሪየም፣ ማለትም የሰማይ ምስል በክብ ጣሪያው ላይ በሚታይበት የጉልላት ትያትር፣ ውስጥ የምንሰጠውን የሰማይ ትምህርት ከሶደሬና ከላንጋኖ ሽርሽር ጋር በአንድ አንቀጽ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ቅሬታችንን በመጀመሪያ በርእሳነ መምህራን በኩል በቃል፣ ቀጥሎም በማመልከቻ አቅርበናል። መዝገብ ቤቱ ማመልከቻውን ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቶናል፤ ከቁጥሩ ሌላ እስካሁን የደረሰን ነገር የለም። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእገዳው የተሰጡት ምክንያቶች ወጪና የመንገድ ደኅንነት ናቸው። ሁለቱንም አናቃልልም። የሰው ልጅ ይዞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ መመለስ ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን፤ ንጋት ላይ በአውቶቡሱ በር ቆመን ስም የምንጠራው፣ ማታ የመጨረሻውን ልጅ ለወላጁ ሳናስረክብ ወደ ቤታችን የማንገባው እኛ ነን። ይሁን እንጂ ሥጋቱ የመንገድ ከሆነ የጉዞ ሰዓት መወሰን፣ የተሽከርካሪ የምርመራ ወረቀት መጠየቅና የአጃቢ መምህራንን ቁጥር ማብዛት ይቻላል፤ ከእነዚህ አንዱም አልተሞከረም። ወጪን በተመለከተ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ለዚህ ጉዞ ከበጀቱ ያወጣው ገንዘብ የለም። የአውቶቡሱ ኪራይ ከወላጆች መዋጮ የሚሰበሰብ ሲሆን ምሳውን ልጆቹ ከየቤታቸው ይይዛሉ፤ እኛም ውሎ አበል ጠይቀን አናውቅም። ያልወጣ ወጪ እንዴት እንደሚቆጠብ ሊገባን አልቻለም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው እገዳው በተግባር የወደቀው በመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ላይ ብቻ መሆኑ ነው። የግል ትምህርት ቤቶች የትብብር ደብዳቤውን ራሳቸው ጽፈው፣ ኮስተር ተከራይተው መጓዛቸውን ቀጥለዋል። በእነርሱ አንቀናም፤ እንዲያውም ቢበረታቱ ደስ ይለናል። ግን ይህን ጉዳይ ተመልከቱት፦ በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ የሁለት ቤተሰብ ልጆች አሉ፤ ሁለቱም የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሆኑ አንዷ በግል፣ ሌላው በእኛ ትምህርት ቤት ይማራል። ልጅቷ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ሄዳ የሳተርንን ቀለበት በጉልላቱ ላይ አይታ መጣች። ልጁ ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ እኛስ መቼ ነው የምንሄደው ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ያለው መልስ የሰርኩላሩ ቁጥርና ቀን ብቻ ነበር።

በቱላ አቅጣጫ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የደረሰው ደግሞ ገንዘብም ያስከፈለ ነው። ሰርኩላሩ ከመድረሱ በፊት ወላጆች ተሰብስበው ተስማምተው፣ አብዛኞቹም ከቡና ለቀማ ያገኙትን አዋጥተው፣ ለአውቶቡስ ባለቤት ቀብድ ተከፍሎ ነበር። ፈቃዱ መጀመሪያ ያለምንም ችግር እንደሚሰጥ ተነግሮ፣ በጉዞው ሳምንት ተከለከለ። ባለ አውቶቡሱ ሌላ ሥራ ትቶ ቀኑን እንደያዘላቸው በመግለጽ ቀብዱን አልመልስም አለ፤ በውልም ቢሆን አልተሳሳተም። የወላጆቹን መዋጮ አስተባባሪ መምህራኑ ከደመወዛቸው እየቀነሱ መልሰዋል። እነዚህ መምህራን ዛሬ ሌላ የክበብ ሥራ ጀምሩ ቢባሉ እሺ የሚሉ አይመስለንም፤ ልንወቅሳቸውም አንችልም።

ጉብኝቱ ትምህርት መሆኑን በመግለጫ ብዛት ለማሳመን አንሞክርም፤ በጉልላቱ ሥር ምን እንደምናስተምር እንናገር። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የሰሜን ኮከብ በእኛ ሰማይ ላይ ከአድማስ ከፍ የሚለው በ7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ክንዱን ዘርግቶ እጁን ለጨበጠ ሰው ከጭብጡ ስፋት ያነሰ ከፍታ ማለት ነው፤ አጥር፣ ዛፍና አቧራ ይጋርደዋል። ተማሪው በሥዕል የሚያየው የሰሜን ኮከብ ግን ብዙውን ጊዜ ከአውሮፓ ሰማይ የተቀዳ፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነው። ማታ ወጥቶ ሲፈልገው ያጣዋል። በአንጻሩ በግንቦት ምሽቶች በደቡብ በኩል ቆሞ የሚታየውን የደቡብ መስቀል የተባለ ኅብረ ከዋክብት ብዙ የአውሮፓ ልጆች ከአገራቸው ሆነው አያዩትም፤ የእኛ ልጆች ደግሞ በየዓመቱ ከአናታቸው በታች እያለፈ ስሙን የነገራቸው የለም። በፕላኔታሪየም ውስጥ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ኬክሮሱን፣ ማለትም ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት፣ ከ7 ወደ 50 ዲግሪ ሲያሳድግ የሰሜን ኮከብ ቀስ እያለ ይወጣል፣ የደቡብ መስቀልም ከአድማስ በታች ይሰጥማል። ምድር ክብ ስለመሆኗ በክፍል ውስጥ የምንደረድረው ማስረጃ ሁሉ ያን ያህል ሲሠራ አላየንም።

ሁለተኛው የወቅቶች ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ለመምህራን ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው። ብዙ ተማሪ ክረምት የሚቀዘቅዘው ምድር ከፀሐይ ስለምትርቅ ነው ብሎ ያምናል። ሌላ አገር ይህን ማረም ይቀላል። በእኛ አገር ግን ምድር ከፀሐይ እጅግ የምትርቅበት ጊዜ በሰኔ መጨረሻ፣ ልክ ክረምቱ በሚገባበት ሰሞን ይውላል፤ ስለዚህ ያነበበ፣ ጎበዝ የተባለው ተማሪ ነው ስህተቱን በማስረጃ አስደግፎ የሚከራከረን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ በመጋቢት መጨረሻ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሐዋሳ በትክክል አናታችን ላይ ትደርሳለች፤ በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ይኸው ይደገማል። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ከእኛ በስተሰሜን ስለምታልፍ የእኩለ ቀን ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ይዞራል። ክረምቱን የሚያመጣው ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን የሚወጣው የዝናብ መቀነት ነው፤ ቅዝቃዜውም የደመናውና የዝናቡ ነው። ይህን በግቢ ውስጥ እንጨት ተክሎ በጥላ ለማሳየት አንድ ሙሉ ዓመት ይፈጃል፤ ክረምቱ ላይም ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሰማዩም ደመና ነው። ጉልላቱ ዓመቱን በጥቂት ደቂቃ ያዞረዋል።

ማታ ማታ በግቢያችን እንዳናስተምርም ሌላ መመሪያ አለብን። ለግቢ ጥበቃ ሲባል ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተማሪ በትምህርት ቤት እንዳይቆይ ተደርጓል። ምክንያቱን እንረዳለን። ሆኖም ኮከብ በቀን ለማሳየት ያለን ዘዴ ፕላኔታሪየም ብቻ ነው፤ ማታውን በመመሪያ፣ ቀኑን በሰርኩላር ከዘጋችሁብን የሰማይ ትምህርቱ በየትኛው ሰዓት እንዲሰጥ እንደታሰበ ብትነግሩን መልካም ነበር።

ፕላኔታሪየም የሀብታም አገር ጌጥ ነው የሚል አስተያየት በስብሰባ ላይ ስለሰማን በዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት ፕላኔታሪየሞች ሁሉ አንጋፋው የሚገኘው ፍራኔከር በምትባል ትንሽ የኔዘርላንድስ ከተማ ነው። የሠራው ሰው፣ አይሰ አይሲንጋ፣ ሱፍ በማበጠር የሚተዳደር ባለ እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1774 ጨረቃና አራት ፕላኔቶች በሰማይ ላይ ተቀራርበው የሚታዩበት ቀን ሲቃረብ፣ ምድር ከምሕዋሯ ተነቅላ በፀሐይ ትቃጠላለች የሚል ጽሑፍ ተሰራጭቶ አካባቢውን አስደነገጠ። አይሲንጋ በክርክር ፈንታ ቤተሰቡ በሚኖርበት ክፍል ጣሪያ ላይ ሥርዓተ ፀሐይን ሊሠራ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1781 ጨረሰው። በጣሪያው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትርን ይወክላል። ከጣውላው በላይ የተደበቀው ማርሽ ጥርሶቹ በእጅ የተቀጠቀጡ በሺህ የሚቆጠሩ ምስማሮች ናቸው፤ ሁሉንም የሚነዳው አንድ ባለ ፔንዱለም ሰዓት ነው። ፕላኔቶቹ በእውነተኛ ፍጥነታቸው ስለሚሄዱ ሳተርን ጣሪያውን አንድ ጊዜ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ዩራነስ የለም፤ በዚያው በ1781 ገና መገኘቱ ስለነበር በጣሪያውም ቦታ አልተረፈለትም።

ይህን ታሪክ ለእናንተ የምናወራው ስለ አንድ ነገር ነው። ፍራኔከር ያንን ቤት እ.ኤ.አ. ከ1859 ጀምሮ እንደ ከተማ ተረክባ ጠበቀችው፤ ጎብኚና ተማሪ ሳይቋረጥ እየገባበት ለዘመናችን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በሪያድ በተካሄደው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚሁ ጉባኤ ላይ የተመዘገቡት ሁለት የአገራችን ቅርሶች ሁላችንም የምንኮራባቸው ናቸው፤ አንዱ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ሌላው ከእኛ በዲላ መንገድ ወረድ ብሎ ያለው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ነው። የጌዴኦን መልክዓ ምድር ለማየት ተማሪ ቢሄድ ማንም መዝናኛ ነው እንደማይል እርግጠኞች ነን። በዚያ ጉባኤ በአንድ ሚዛን የተመዘኑ ነገሮች እኛ ዘንድ ሲደርሱ ለምን እንደሚለያዩ አልገባንም።

የዛሬዎቹ ባለ ጉልላት ፕላኔታሪየሞች የጀመሩት በጀርመን ነው። የመጀመሪያው የከዋክብት ፕሮጀክተር እ.ኤ.አ. በ1923 በሙኒክ ታየ፤ ፕሮጀክተሩ በተሠራባት በዬና ከተማ ያለው ፕላኔታሪየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 18 ቀን 1926፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 11 ላይ ተከፍቶ ዘንድሮ መቶ ዓመት ይሞላዋል፤ አሁንም ተማሪ ይቀበላል። ሐምቡርግ አዲስ ሕንፃ አልሠራችም፤ ሥራ የፈታ የውኃ ማማ ነበራትና እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ ፕላኔታሪየም ለወጠችው። ከዚያው ከሐምቡርግ የተገዛ ያገለገለ ፕሮጀክተር ታድሶ ወደ ጆሃንስበርግ ተጓዘና እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1960 በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ ፕላኔታሪየም ተከፈተ። ሌሎች ከተሞች ያደረጉት ይህን ነው፤ ያላቸውን ማማ፣ ያገኙትን ያገለገለ ዕቃ ለልጆቻቸው አዋሉት። የተገላቢጦሹም ታይቷል። የሞስኮ ፕላኔታሪየም እ.ኤ.አ. በ1994 ለእድሳት በሚል ተዘግቶ እንደገና የተከፈተው በ2011 ነው። በእነዚያ ዓመታት አንድ ትውልድ ትምህርቱን ጨርሶ ወጥቷል።

አገራችንም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለችም። በእንጦጦ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ቆመዋል። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጥቃለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ የኢትዮጵያ ድርሻ የሆነው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱም አቦል ተብለዋል። ኮከቡ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለ ሲሆን በዓይን ብቻ አይታይም። በቡና አገር ያደገ ተማሪ ያ ኮከብ የት ጋ እንዳለ ሲጠይቀን ጣታችንን ወደ ሰሜን ቀስረን እዚያ አካባቢ ከማለት ሌላ አማራጭ የለንም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ያለው የጉልላት ትያትር የተሠራውም ለዚህ አገር ልጆች ሁሉ ነው ብለን እናምናለን፤ የእኛን ልጆች ከዚያ ያራቀው ርቀቱ ሳይሆን እገዳው ነው።

አሁን ወደ ሌላው ቅሬታችን እንለፍ፤ ይህኛው አዲስ አበባ ድረስ መሄድም አይጠይቅም። ከተማችን በስጦታ የተገኘ፣ በአየር የሚነፋ ተንቀሳቃሽ ጉልላት አላት። አንድ የክፍል ተማሪ ሰሌን ላይ ተቃቅፎ የሚቀመጥበት ጥቁር ድንኳን ነው፤ ልጆቹ በጨርቅ መተላለፊያ ጎንበስ ብለው ይገባሉ፣ መንፊያው ከውጭ እያጓራ ጉልላቱን ወጥሮ ይይዘዋል፣ መሐል ላይ የተቀመጠው ፕሮጀክተርም በክብ ሌንሱ ሰማዩን በሙሉ ይበትነዋል። መብራት ሲጠፋ ጉልላቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ያኔ ከዳር ያሉት ልጆች ጨርቁን በእጃቸው ደግፈው ይይዙና መምህሩ የጀመረውን በቃል ይጨርሳል። ገለጻውን በአማርኛና በሲዳሙ አፎ አዘጋጅተን ነበር። በዚህ ዕቃ ከመነኻሪያ እስከ ቱላ ያሉ ትምህርት ቤቶችን በተራ ስናዳርስ ቆይተናል፤ የኪራይ አውቶቡስ የማይታሰብላቸው የአንደኛ ደረጃ ልጆች ሰማዩን ያዩት በዚህ ነበር።

ከዚያም ንብረቱ በመዝገብ መያዝ አለበት ተባለ። ትክክል ነው፤ እኛም ደስ ብሎን አስረከብን። በሞዴል 19 ገቢ ሆነ። በሞዴል 22 ወጪ ለማድረግ ስንጠይቅ ግን ተረካቢው የጽሕፈት ቤቱ ቋሚ ሠራተኛ መሆን እንዳለበት ተነገረን። እኛ የትምህርት ቤት መምህራን ነንና አንችልም፤ ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች መካከልም በስሙ የሚረከብ አልተገኘም፤ ዕቃው ቢበላሽ ከደመወዙ ይቆረጥበታልና አንፈርድበትም። ዋስ ጠርተን እንውሰድ አልን፤ ለዚህ የሚሆን መመሪያ የለም ተባለ። በዚህ ሁኔታ ጉልላቱ ከተሰባበሩ ዴስኮች ጋር ተደርቦ መጋዘን ተቀምጧል። ለቆጠራ በተከፈተበት ዕለት ገብተን ለማየት ተፈቅዶልን ነበር። ከጣሪያው የሚያፈሰው ውኃ በከረጢቱ ላይ ይንጠባጠባል። ስፌቱን በአንድ በኩል አይጥ በልቶታል። ሌንሱን አውጥተን በብርሃን ስንመለከተው ዳር ዳሩን የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ጀምሮታል፤ የሐይቅ ዳር እርጥበት ለሌንስ ምን እንደሆነ ለፊዚክስ መምህር አይነገረውም። ጨርቁን የከተማችን ድንኳን ሰፊዎች በአንድ ቀን ሊጠግኑት ይችላሉ፤ ክፍያውንም ከኪሳችን ለመሸፈን ዝግጁ መሆናችንን በማመልከቻችን ላይ ገልጸናል። ሌንሱ ግን በዚህ ክረምት ከዚያ ካልወጣ በኋላ ማንም አያድነውም።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ እንጨምር። ይህች ከተማ ሰማይን ማንበብ ከሌላ የምትማር ከተማ አይደለችም። የሲዳማ አያንቶዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ተከታትለው የፊቼ ጨምበላላን ቀን ይወስናሉ፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ ሲሆን በየዓመቱ በጉዱማሌ አደባባይ በድምቀት እናከብረዋለን። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም በባሕረ ሐሳብ የጨረቃን ሌሊት ቆጥረው አጽዋማትን ያወጣሉ። ተማሪዎቻችን በበዓሉ ቀን ይጨፍራሉ፤ ቀኑ እንዴት እንደተገኘ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። በጉልላቱ ሥር ጨረቃን በየሌሊቱ በከዋክብት መካከል አራምደን፣ አንድ አባት አጠገባችን ተቀምጠው እርሳቸው የሚያዩትን እንዲነግሩን ማድረግ ይቻላል። ይህን ዕቅድ ጽፈን ነበር። ጉልላቱ መጋዘን ሲገባ ዕቅዱም አብሮ ገባ።

ጊዜውም አይጠብቀንም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከሰሜን አፍሪካ በሱዳን አድርጎ እስከ ሶማሊያ የሚዘልቅ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ ሐዋሳ ላይ በከፊል ይታያል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ቀለበት ሆኖ የታየው ግርዶሽ ሲያልፍ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው ነበር፤ ልጆቹ ምንም ሳይነገራቸው በራጅ ፊልምና በጠቆረ ጠርሙስ ወደ ፀሐይ ሲያፈጡ አይተናል፤ ሁለቱም ለዓይን አደገኛ ናቸው። የመጪው ግርዶሽ ቀንም በክረምት ዕረፍት ላይ ይውላል። ልጆቹን የምናገኛቸው እስከ ሰኔ 2019 ድረስ ብቻ ስለሆነ ምን እንደሚሆን በጉልላቱ ማሳየት፣ በምን ዓይነት መነጽር እንደሚታይ ማስተማር ያለብን ከዚያ በፊት ነው። ያን ዕለት ሰማዩ ደመና ከሆነም ግርዶሹን የምናሳይበት ሌላ መንገድ አይኖረንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። በሰርኩላሩ ውስጥ ወደ ፕላኔታሪየም፣ ወደ ሙዚየምና ወደ ምርምር ማዕከላት የሚደረጉ ጉብኝቶች ከመዝናኛ ጉዞ ተለይተው፣ የመምህር ዕቅድ እስከቀረበባቸው ድረስ እንደ ትምህርት እንዲፈቀዱ ይደረግ። የደኅንነት መስፈርት ወጥቶ ለመንግሥትም ለግልም ትምህርት ቤቶች እኩል ይሥራ፤ የፈቃድ ውሳኔም ወላጆች ገንዘብ ከማዋጣታቸው በፊት በጽሑፍ ይሰጥ። ጉልላቱና ፕሮጀክተሩ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ከመጋዘን ወጥተው ለአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በንብረት ዝውውር ይተላለፉ፤ ርእሰ መምህሩ ተረካቢ፣ እኛ ደግሞ በጽሑፍ ኃላፊነት የምንወስድ ተጠቃሚዎች እንሁን። እስከዚያው ድረስ ቢያንስ ሌንሱ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ተነሥቶ ደረቅ ቢሮ ውስጥ እንዲቀመጥ ዛሬውኑ ይታዘዝልን፤ ይህ ፊርማም በጀትም አይጠይቅም። ለ2019ኙ ግርዶሽ የሚሆን መነጽር ግዥ በመጪው ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንዲካተትና የትኞቹ ትምህርት ቤቶች እንደሚቀድሙ ከእኛ ጋር ተነጋግራችሁ እንድትወስኑ እንጠይቃለን፤ የአንደኛ ደረጃዎቹና ከመሐል ከተማ የራቁት ቢቀድሙ የእኛ አስተያየት ነው። በማታ የግቢ ቆይታ ላይ ደግሞ ወላጅና ጥበቃ በተገኙበት በወር አንድ ምሽት ልዩ ፈቃድ ይሰጠን።

ለመነጋገር ከተጠራን ከክፍል ሰዓት ውጭ በማንኛውም ቀን እንመጣለን። መልሱ በጽሑፍ እንዲሆንልንና ቀደም ሲል በመዝገብ ቤት የገባው ማመልከቻችንም አብሮ እንዲታይልን እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር

በሐዋሳ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሥነ ፈለክ ክበባት አስተባባሪ መምህራን

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቶቻችን ርእሳነ መምህራን
ለየትምህርት ቤቶቻችን የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቶች